መስከረም ሲጠባ ባንኮክ ላይ ይዘንባል

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ፕራቱናም በሚባለው የባንኮክ የልብስ ገበያ ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ሰው ከሰው ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ሻጮቹ አንድ በአንድ ቀና እያሉ ሰማዩን ማየት ይጀምራሉ። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ላስቲክ ይዘረጋል፣ የተንጠለጠለው ቀሚስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መሬት ላይ የነበረው ካርቶን በርጩማ ላይ ይወጣል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱት ሞተረኞች ሞተራቸውን እየገፉ ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ዶፉ ይለቀቃል። ከላስቲኩ ጫፍ የሚወርደው ውኃ መንገዱን እስኪሸፍን ድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ገዝቶ መኪና ሲጠብቅ የነበረ ሁሉ ባለበት ቆሞ ይቀራል።

ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ይህን ሲያይ የሚከነክነው ወሩ ነው። መስከረም በአገር ቤት ብራ ነው፤ ጭቃው የሚደርቅበት፣ አደይ የሚፈካበት፣ ወንዙ የሚጎድልበት ወር። ባንኮክ ውስጥ ግን ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ወቅት ይኸው መስከረም ነው።

ባንኮክን በስም የማያውቅ የከተማ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ልብስና ጫማ በጅምላ የሚያመጡ ነጋዴዎች ዘጠኝ ሰዓት ያህል በሚፈጀው ቀጥታ በረራ ይመላለሱባታል። ታማሚ ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ። የከበረ ድንጋይ የሚነግዱም አሉ። ሁሉም ከመነሳታቸው በፊት «መቼ ልሂድ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚሰጣቸው መልስም አንድ ዓይነት ነው፦ ከኅዳር እስከ የካቲት። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ግማሹን ያስቀራል። በእነዚያው «ጥሩ» ወራት ውስጥ ትምህርት ቤት የሚያዘጋ ጭስ አለ። መጥፎ በሚባለው የዝናብ ወቅት መካከል ደግሞ ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ፋታ አለ።

ሦስት ወቅት፣ አንድ ወበቅ

የታይላንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዓመቱን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ የሙቀት ወቅት ነው። ከዚያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ዝናብ፣ የቀረው ደግሞ ቀዝቃዛ ይባላል። የወቅቶቹ መግቢያ በየዓመቱ የሚታወጀው የነፋሱና የዝናቡ ምልክት ታይቶ ስለሆነ ቀኑ ወደፊትም ወደኋላም ይላል።

«ቀዝቃዛ» የሚለውን ቃል ከደገኛ አገር የመጣ ሰው በጥንቃቄ ቢሰማው ይበጃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትቀመጥ፣ ባንኮክ ያለችበት ሜዳ ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በታኅሣሥ የባንኮክ ሌሊት በአማካይ 22 ወይም 23 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህ የአዲስ አበባ የቀትር ሙቀት ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች ግን በዚያ ወር ጠዋት ጃኬት ደርበው ሲወጡ ይታያሉ፤ እውነትም ይበርዳቸዋል። በዓመቱ አማካይ ሙቀት ሲቆጠር ባንኮክ ከዓለም እጅግ ሞቃት ትላልቅ ከተሞች አንዷ ናት። አማካዩ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ቀኑንም ሌሊቱንም፣ ታኅሣሥንም ሚያዝያንም ያካተተ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ባንኮክ ውስጥ ወቅት የሚመረጠው ብርድና ሙቀትን ለይቶ አይደለም። ሙቀቱ ሁልጊዜም አለ። የሚለዋወጡት ከሙቀቱ ጋር የሚመጡት ናቸው፦ ዝናብ፣ ወበቅ፣ ጭስ፣ ጎርፍ፣ በዓል፣ ፍራፍሬ።

የዝናቡ መቀነት

ዝናቡን ለመረዳት የፀሐይን ጉዞ መከተል ያስፈልጋል። በምድር ወገብ ዙሪያ እንደ መቀነት የተጠመጠመ የዝናብ ቀጠና አለ። ይህ ቀጠና ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ መልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የኢትዮጵያን ክረምት የሚያመጣውም ይኸው መቀነት ሰሜን መድረሱ ነው። ታይላንድ ላይ ደግሞ በግንቦት ይደርስና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ከሚያመጣው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ጋር ተባብሮ ዝናቡን ይጀምረዋል።

በሰኔ መቀነቱ ታይላንድን አልፎ ደቡብ ቻይና ላይ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ባንኮክ ትተነፍሳለች። አይዘንብም ማለት አይደለም፤ ደመናው አለ፣ ነጎድጓዱም ይሰማል፤ ግን ዝናቡ ከግንቦት ይልቅ ይሳሳል፣ ከመስከረም ጋር ከተወዳደረማ ግማሽ ገደማ ነው። በነሐሴ መቀነቱ ወደ ደቡብ መመለስ ይጀምራል፤ በመስከረም በቀጥታ ባንኮክ አናት ላይ ያርፋል። ከፕራቱናም ላስቲኮች ላይ የሚወርደው ዶፍ ከዚያ የመጣ ነው።

> አዲስ አበባ ጥላ ይዛ የምትወጣበት ሰኔና ሐምሌ፣ ባንኮክ ከዝናቧ የምታርፍበት ነው።

ሁለቱን አገሮች የሚያገናኛቸው ሌላም ነገር አለ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ የሚሞቅበትና ኤልኒኖ የሚባለው ክስተት ሲመጣ የኢትዮጵያ ክረምትም፣ የታይላንድ ዝናብም ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የነበረው ኤልኒኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ከባድ ድርቅ አስከትሏል፤ ታይላንድም በቀጣዩ ዓመት የሙቀት ወቅት ግድቦቿ ጎድለው በውኃ እጥረት ተቸግራለች። ጉዞ የሚያቅድ ሰው የኤልኒኖ ወሬ ከሰማ ባንኮክ ከወትሮው የደረቀችና የጋለች ሆና ሊያገኛት እንደሚችል ቢጠብቅ መልካም ነው።

የባንኮክ ዝናብ ጠባዩም የተለየ ነው። እንደ ደጋው ሐምሌ ጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ አያንጠባጥብም። ብዙውን ጊዜ ጠዋቱ ብሩህ ነው። ቀትር ላይ ደመናው ይከማቻል፣ ወደ ማምሻው ይወርዳል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ያባራል። ይህን የሚያውቅ ጎብኚ ቤተ መንግሥቱንና ዋት ፖ የሚባለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ በጠዋት አይቶ፣ ዝናቡ ሲመጣ ከገበያ ማዕከል ወይም ከሙዚየም ጣሪያ ሥር ይገኛል። ሆቴልም በዚህ ወቅት ይረክሳል። ሰውም ይቀንሳል፤ በታኅሣሥ ተሰልፈው የሚገቡበት ቅጥር በሰኔ ፀጥ ያለ ነው።

ፍራፍሬው ደግሞ ለብቻው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ገበያው በራምቡታንና በማንጎስቲን ይሞላል። ማንጎስቲን ቅርፊቱ ሐምራዊ፣ ውስጡ ነጭ ነው፤ ጣፋጭነቱ ከቀላል ኮምጣጣነት ጋር የተመጠነ ነው። ዱሪያን የሚባለው ባለ እሾሁ ፍሬ የሚበዛውም ያኔ ነው። ጠረኑ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ ሆቴሎችና የከተማው ባቡር ይዞ መግባት ይከለክላሉ፤ የሚወዱት ግን ወቅቱን ቆጥረው ይጠብቁታል። ማንጎ የሚፈልግ ሰው ትንሽ ቀደም ማለት አለበት፤ ከኮኮናት ወተትና ከሚያጣብቅ ሩዝ ጋር የሚቀርበው ማንጎ የሚጣፍጠው በሚያዝያ ነው።

ዝናብ ለታይላንዳውያን ከጎብኚ ምቾት የሰፋ ትርጉም አለው። በግንቦት፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው ሳናም ሉዋንግ ሜዳ ላይ የንጉሣዊ እርሻ ሥነ ሥርዓት ይካሄዳል። ያጌጡ በሬዎች መሬቱን ካረሱ በኋላ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ሰሊጥ፣ ሣር፣ ውኃና አረቄ ይቀርብላቸዋል። የመረጡት ምግብ ታይቶ የዓመቱ ዝናብና ምርት ይተነበያል። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ሕዝቡ የተዘራውን እህል ለመልቀም ይሽቀዳደማል፤ ገበሬዎች ከራሳቸው ዘር ጋር ቀላቅለው ይዘሩታል። ከሐምሌ ጀምሮ ለሦስት ወር የቡድሃ መነኮሳት ከገዳማቸው ሳይርቁ ይከርማሉ። ልማዱ የመጣው በዝናብ ወራት የሚጓዝ መነኩሴ የገበሬውን ቡቃያ እንዳይረግጥ ከሚል ጥንታዊ ሥርዓት እንደሆነ ይነገራል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም

ሚያዝያ ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ወር አጋማሽ በኋላ የቀትር ፀሐይ በባንኮክ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ይጠፋል። ይህ በነሐሴ እንደገና ይሆናል፤ የነሐሴውን ግን ደመና ይጋርደዋል። በሚያዝያ የሚጋርድ የለም።

ቴርሞሜትሩ 36 ወይም 37 ሲል አፋር ወይም ጋምቤላ ለኖረ ሰው ብዙ ላይመስል ይችላል። አደጋው እርጥበቱ ላይ ነው። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ አየሩ አስቀድሞ በውኃ ተሞልቶ ከሆነ ላቡ አይተንም፣ ሙቀቱም ከሰውነት አይወጣም። ለዚህ ነው ባለሥልጣናት ከቴርሞሜትሩ ሌላ ሰውነት የሚሰማውን ሙቀት ለብቻው የሚያስታውቁት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ባንግ ና በሚባለው የከተማዋ ክፍል ይህ መለኪያ 54 ዲግሪ ደርሶ ነዋሪዎች ከቤት እንዳይወጡ ተመክረው ነበር። ሌሊቱም እፎይታ አይሰጥም፤ ኮንክሪቱና አስፋልቱ ቀን የዋጡትን ሙቀት ሌሊት ይተፉታል።

በዚህ መካከል፣ ከሚያዝያ 5 እስከ 7፣ ሶንግክራን ይከበራል። የታይላንድ ባህላዊ ዘመን መለወጫ ነው። ልጆች በአዛውንት ወላጆቻቸው እጅ ላይ ሽቶ ያለበት ውኃ አፍስሰው ምርቃት ይቀበላሉ፣ የቡድሃ ምስሎች በውኃ ይታጠባሉ። ጎዳናው ላይ ደግሞ ወጣቱ በባልዲና በውኃ ጠመንጃ ይራጫል፤ ሲሎምና ካኦ ሳን የሚባሉት መንገዶች ደረቅ ሰው አያሳልፉም። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ለነጋዴ ግን ሶንግክራን የተዘጋ በር ነው። የባንኮክ ሠራተኛ አብዛኛው ከክፍለ ሀገር የመጣ በመሆኑ ለበዓሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይሄዳል። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ጭር እንደሚል ሁሉ፣ የባንኮክ ጅምላ ገበያዎችም በእነዚያ ቀናት ጭር ይላሉ። ወደ ክፍለ ሀገር የሚወስዱት መንገዶች ይጨናነቃሉ፤ የትራፊክ አደጋም በዓመት ውስጥ እንደዚያን ሰሞን የሚከብድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው ሚያዝያን ቢተወው ይሻላል። ጤነኛና ወጣት ሆኖ በዓሉን ለማየት የሚሄድ ግን የትም የማያገኘውን ደስታ ያያል።

ውኃው ከታችም ይመጣል

ባንኮክ እ.ኤ.አ. በ1782 ዋና ከተማ ስትሆን የተቆረቆረችው በቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር፣ ለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ሰው የሚንቀሳቀሰው በጀልባ፣ ቤቱም የሚሠራው በእንጨት ምሰሶ ላይ ነበር። በኋላ ብዙዎቹ ቦዮች ተደፍነው መንገድ ሆኑ። ዛሬ ጎብኚውን የሚቀበለው ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ የተሠራው በእባብ ስም ይጠራ በነበረ ረግረግ ላይ ነው። ለአሥርት ዓመታት የከርሰ ምድር ውኃ ሲቀዳ የኖረው መሬት በየዓመቱ ጥቂት እየሰመጠ ነው። ስለዚህ ዶፍ በወረደ ቁጥር ውኃው የሚሄድበት ቁልቁለት የለም፤ በፓምፕ እየተገፋ ነው የሚወጣው።

> ዝናቡ ቢቆምም ወንዙ ይሞላል፤ ከሰሜን ተራሮች የተነሳው ውኃ ባንኮክ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል።

ጎብኚ የማያስተውለው ይህን ነው። በጥቅምት ሰማዩ መጥራት ሲጀምር ወንዙ ገና ከፍ እያለ ነው። ከሰሜን የሚወርደው ውኃ ከታይላንድ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ የባሕር ሙላት ከገጠመው ወደኋላ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሆነው የዚህ ከባዱ መልክ ነበር። ለወራት የተጠራቀመ ጎርፍ አዩታያ የምትባለውን ከተማ አጥለቅልቆ የባንኮክን ሰሜናዊ ክፍል ሸፈነ፤ የዶን ሙዋንግ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ ለወራት ቆየ። በአገሪቱ ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከባንኮክ በስተሰሜን የነበሩ የኮምፒውተር ዕቃ ፋብሪካዎች ውኃ ስለገባባቸው የሃርድ ዲስክ ዋጋ በመላው ዓለም ናረ።

ያን የመሰለ ዓመት ዘወትር አይመጣም። ከተማዋም ከዚያ ወዲህ ውኃ የሚያርፍበት ቦታ ማዘጋጀት ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ የመቶኛ ዓመት መናፈሻ ሆን ተብሎ ዘንበል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ከላይ የወረደው ዝናብ በሣሩ ውስጥ አልፎ ከታች ባለው ኩሬ ይጠራቀማል። ኮትቻኮርን ቮራኮም የተባለችው የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ የነደፈችው ይህ መናፈሻ ወደ አራት ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውኃ ሊይዝ ይችላል። ለከተማዋ ስፋት ጥቂት ነው፤ ግን ከፓምፕ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየ ሥራ ነው።

ወንዙ በሞላበት ሰሞን፣ ብዙ ጊዜ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሎይ ክራቶንግ ይከበራል። ሰዎች ከሙዝ ግንድና ቅጠል በሠሩት ትንሽ ታንኳ ላይ ሻማና አበባ አድርገው ወንዙ ላይ ይለቃሉ። የከተማው ሠራተኞች በዚያው ሌሊት ታንኳዎቹን ከወንዙና ከኩሬዎቹ ላይ ሲለቅሙ ያድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሰበሰቡት ከ600 ሺህ በላይ ነበር።

ደረቁ ወርና ጭሱ

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ከቻይና በኩል የሚመጣው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ አየሩን ያደርቀዋል። ወበቁ ይቀላል፣ በእግር መሄድ ይቻላል፣ ማታ ከቤት ውጭ መብላት ደስ ይላል። በሉምፒኒ መናፈሻ ጠዋት ሽማግሌዎች እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ስፖርት ሲሠሩ፣ ከኩሬው የወጡ ትላልቅ የውኃ አርጃኖዎች በሣሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ከመላው ዓለም ጎብኚ የሚጎርፈውም፣ የሆቴል ዋጋ የሚሰቀለውም በዚህ ጊዜ ነው።

ይኸው ደረቅና የረጋ አየር ግን ሌላ መዘዝ አለው። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ቀዝቃዛ አየር ከሥር፣ ሞቃት አየር ከላይ ይሆንና ከተማዋ እንደተከደነ ድስት ትታፈናለች። የናፍጣ መኪኖች ጭስ፣ የፋብሪካ ጭስ፣ ከከተማዋ ውጭ ገበሬዎች የሩዝ ገለባና የሸንኮራ ቅጠል ሲያቃጥሉ የሚወጣው ጭስ በዚያ ክዳን ሥር ይከማቻል። ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ከፀጉር ክር እጅግ የቀጠነ በመሆኑ በሳንባ አልፎ እስከ ደም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ብክለቱ ስለከፋ ባንኮክ ውስጥ ከ350 በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንግሥትም ሰው መኪናውን እንዲያቆም ባቡርና አውቶቡስ ለአንድ ሳምንት በነፃ አድርጓል።

አስም ላለበት፣ የልብ ሕመም ላለበት፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የጉዞ ወኪሎች ጥርን የዓመቱ ምርጥ ወር ብለው ሲሸጡ ስለ ጭሱ አለመናገራቸው ትክክል አይደለም። የታይላንድ መንግሥት ኤር ፎር ታይ በሚባል መተግበሪያ የየሰፈሩን አየር በየሰዓቱ ያሳያል፤ በእነዚያ ወራት ጠዋት ጠዋት እሱን አይቶ መውጣት ይገባል።

ጭሱን የሚጠርገው ነፋስ ከየካቲት በኋላ ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ያኔ ሳናም ሉዋንግ ሜዳ ላይ የወረቀት አሞራ የሚያበርሩ ሰዎች ይታያሉ፤ በታይላንድ ይህ ነፋስ የሚታወቀውም በዚሁ ጨዋታ ነው። አየሩን ያጠራዋል፣ ግን ወበቁን ይዞ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ሁሉም ሲመዘን ለመጎብኘት ብቻ የሚሄድ ሰው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ አያጣም፤ ዝናቡ ሄዷል፣ ጭሱ ገና አልከበደም። ያ ካልተመቸ ሰኔ ቀጣዩ ምርጫ ነው። ዋጋውም፣ ፍራፍሬውም፣ የሰዉ መቀነስም ለጥቂት ሰዓት ዝናብ ይክሳሉ።

ነጋዴው፣ ታማሚው፣ ጿሚው

ወቅት የመምረጥ ዕድል ያለው ግን ሁሉም አይደለም። ባንኮክ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ከዝናብ ይልቅ የሚፈሩት የተዘጋ ሱቅ ነው። ከሶንግክራን ሌላ የቻይና አዲስ ዓመት አለ፤ በጥር ወይም በየካቲት መጀመሪያ ይውላል። በጅምላ ንግዱ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቤተሰቦች የቻይና ዝርያ ያላቸው በመሆናቸው ሳምፔንግ የሚባለው የጅምላ ገበያና አካባቢው ለቀናት ይዘጋል። የዝናብ ወራትን የሚመርጡ ነጋዴዎች ደግሞ ዕቃ ሲያስጭኑ ማዳበሪያው በላስቲክ እንዲሸፈን አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ።

የከበረ ድንጋይ ነጋዴዎች ጉዳይ ይለያል። የባንኮክ የጌጣጌጥና የከበሩ ድንጋዮች ትርዒት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪና በሴፕቴምበር ይካሄዳል። ሁለተኛው ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ላይ ይወድቃል። የወሎ ኦፓል ውኃ የሚመጥ ድንጋይ ነው፤ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋና እስኪደርቅ ድረስ አይመለስም፤ ስለዚህ ይዞት የሚንቀሳቀስ ሰው ከዝናብ ቢጠብቀው ይበጀዋል።

ጿሚ የሆነ ተጓዥም የራሱ ስሌት አለው። ዐቢይ ጾም ከከባዱ ሙቀት ጋር ይገጥማል፤ እስከ ከሰዓት ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ወበቅ መዋል ሰውነትን ይጎዳል። ተራው የአትክልት ምግብ ላይ የዓሣ መረቅና እንቁላል መግባቱ የተለመደ ነው። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለበት ቤት ግን ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የሌለበት ምግብ ያቀርባል። በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ሲገባ፣ ለዘጠኝ ቀን የሚቆይ የጾም በዓል አለ። ያኔ ያዎራት የሚባለው የቻይናውያን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ባንዲራ ይሞላል፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ምግብ ፍለጋ አይቸገርም።

ለሕክምና የሚሄድ ደግሞ ቀኑን የሚመርጥለት ሐኪሙ ነው። ትልልቆቹ የግል ሆስፒታሎች ከብዙ አገር ታማሚ ይቀበላሉ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ያላቸውም አሉ። ቢሆንም ቀጠሮ የሚቀየር ከሆነ የሶንግክራንን ሳምንት መሸሽ፣ የሳንባ ሕመምተኛን ደግሞ በጥርና በየካቲት አለማመላለስ ይመከራል። በዝናብ ወራት ትንኙን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባንኮክ ከተማ ውስጥ የሚያሰጋው ደንጊ ነው፤ ድሬዳዋም እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኙን አይታዋለች። የሚያስተላልፈው ትንኝ በቀን ስለሚናከስ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ቀንም እጅጌ ያለው ልብስና የትንኝ ቅባት ያስፈልጋል። ከታማሚው ጋር የሚቆየው አስታማሚ ማረፊያ ሲፈልግ ከዋጋው በፊት ርቀቱን ቢያይ ይሻላል። ከሆስፒታሉ ወይም ከመሬት በላይ በተሠራ ሐዲድ ከሚሄደው የሰማይ ባቡር ጣቢያ ጥቂት እርምጃ የሚርቅ ክፍል በሚያዝያ ከፀሐይ፣ በመስከረም ከጎርፍ፣ በጥር ከጭስ ያድናል።